በእሳቸው ስም የተነሳሁት ራጅ

ባለፈው ወር አንድ ሽማግሌ ከጅዳ አየር ማረፊያ አሳፍሬ ወደ መካ እወስድ ነበር። ነጩን የዑምራ ልብስ፣ ኢህራም፣ ለብሰዋል፤ ትንሽ ቦርሳ ጭናቸው ላይ አድርገው ከኋላ ተቀምጠው ከልጃቸው ጋር በስልክ ያወራሉ። የተሳፋሪ ወሬ ማዳመጥ የሾፌር አመል ነው። መንገዱ ያው መንገድ፣ ግራና ቀኙ ያው የተቃጠለ ድንጋይ፤ ሰው በጆሮው ካልተጫወተ እንቅልፍ ይወስደዋል። ሽማግሌው ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። «ከወር ጡረታዬ ሲሶውን ትቼ ጠቀም ያለ ገንዘብ በአንድ ጊዜ እንዲሰጡኝ አመልክቻለሁ» ይሉታል ልጃቸውን። «የቀረኝ የሐኪም ወረቀት ነው። ደረቴን ራጅ ያነሱኛል፣ ከዚያ ኻላስ።»

ስልኩን ሲዘጉ አፌ ቀደመኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ፣ ራጁን የሚነሱት ራስዎ ነዎት?»

በመስታወቱ አዩኝ። «ታዲያ ማን ሊነሳልኝ ኖሯል?» ብለው ሳቁ።

እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ። ነዳጅ ማደያው ጋ ስንደርስ ጎማ ልይ ብዬ ወረድኩና ከመኪናው ጀርባ ትንሽ ቆምኩ። ጎማው ደህና ነበር። ሽማግሌውን በሰላም አድርሼ ስመለስ ይህን ነገር አንድ ቀን መጻፍ እንዳለብኝ ወሰንኩ። ለሚስቴም ለልጆቼም ተናግሬው አላውቅም።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከወሎ ወጥቼ፣ ባሕሩን በጀልባ፣ የመንን ብዙውን በእግር አቋርጬ ጅዳ ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ። ካራንቲና በሚባለው የስደተኛ ሰፈር ውስጥ መስኮት የሌላት አንዲት ክፍል ለዘጠኝ ተከራይተን እንኖር ነበር። በጋ ላይ ከባሕሩ የሚነሳው ወበቅ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ሰው ላይ ይጠመጠማል፤ አንዱ ያስወጣውን ትንፋሽ ሌላው መልሶ የሚስበው ይመስል ነበር። ቀን ቀን ወደቡ አጠገብ ባሉት መጋዘኖች ሩዝና ስኳር እናወርዳለን። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ስለሌለኝ ሹርጣ፣ ፖሊስ ማለት ነው፣ በታየ ቁጥር እሮጣለሁ። ጉልበት ግን ነበረኝ። ሌላው አንድ ጆንያ ሲሸከም እኔ ሁለት እደርባለሁ። ጓደኞቼ «ሰይድ ግመሉ» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ስሙን እወደው ነበር። የሰው ልጅ ሌላ ንብረት ከሌለው በትከሻው ይኮራል።

ዓሚ ኢድሪስን ያወቅኋቸው እዚያው ሥራ ላይ ነው። ዓሚ በአረብኛ አጎቴ ማለት ነው፤ ሁሉም እንዲያ ነበር የሚጠራቸው። ሱዳናዊ ናቸው፣ የአንዱ መጋዘን ዘበኛ። በሀገራቸው ጦር ረጅም ዘመን አገልግለው በሃምሳ አለቃነት ጡረታ ወጥተዋል። ጫማቸው ሁልጊዜ የተወለወለ ነው፤ ያቺ አሮጌ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ሲቀመጡ እንኳ ጀርባቸው አይጎብጥም። አንድ ቀን አቧራ የተሸከመ ነፋስ እየነፈሰ ሹርጣ መጋዘኖቹን ከበበ። መግቢያ አጥቼ ስባክን ክንዴን ይዘው ወደ ውስጥ ሳቡኝ። ወዲያው አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ደረሰ።

«ይሄ ማነው?»

«ልጄ ነው» አሉት።

ፖሊሱ ፊታቸውን አየ፣ ፊቴን አየ፣ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጁምዓ ጁምዓ ቤታቸው ምሳ እበላ ጀመር።

ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ ካራንቲና ዳር፣ መኪና መጠገኛዎቹ ጀርባ። ሚስታቸውን ኻልቲ ሰትና እንላቸዋለን፤ ኻልቲ አክስቴ እንደማለት ነው። አጭር፣ ወፍራም፣ ሳቃቸው ከጎረቤት የሚሰማ ሴት ነበሩ። እንደኛ ገንፎ ያለውን አሲዳ ከደረቀ ባሚያና ከሥጋ ከሠሩት ወጥ ጋር ያቀርባሉ። ከማቅረባቸው በፊት ግን ሁልጊዜ ጥቂቱን ቆንጥረው በሳህን ይከድናሉ። የልጃቸው የሙአዝ ድርሻ ነው። ሙአዝ መካ እስር ቤት ነበር።

አንድ ልጃቸው ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ሆኖ ሲሠራ በጅዳና በመካ መሃል አንድ እግረኛ ገጭቶ ገደለ። ሰክሮ አልነበረም፣ አልሸሸም፤ ራሱ ነው አምቡላንስ የጠራው። ሕጉ ግን ሕግ ነው፤ የደም ካሳው እስኪከፈል ከእስር አይወጣም። ግማሹን የሀገራቸው ሰዎች አዋጥተው፣ ደግ ሰዎችም ጨምረውበት ተከፈለ። ቀሪው ግማሽ ተራራ ሆኖ ቆመ። ኻልቲ ሰትና በሳምንት አንድ ቀን ከአሮጌው ከተማ፣ ከአል-ባላድ፣ አውቶቡስ ተሳፍረው፣ የልጃቸውን ምግብ በጨርቅ ቋጥረው መካ ይሄዳሉ። አንዳንዴ ቋጠሮውን እስከ አውቶቡሱ ድረስ እሸከምላቸው ነበር። ምግቡን ያስገቡላቸው አያስገቡላቸው ጠይቄ አላውቅም። በሄዱ ማግስት ሳቃቸው ከጎረቤት አይሰማም።

አንድ ጁምዓ ዓሚ ኢድሪስ ከምሳ በኋላ መነጽራቸውን አድርገው ከሀገራቸው የመጣ ወረቀት ዘረጉ። ንግግራችን ሁሉ በአረብኛ ነበር፤ እኔ ትዝ እንደሚለኝ በራሳችን ቋንቋ እጽፈዋለሁ።

«መንገድ አለ» አሉ። «ኢስቲብዳል ይባላል። ከጡረታዬ እስከ ሲሶው ድረስ እተውላቸዋለሁ፤ እነሱ በምትኩ የብዙ ዓመቱን በአንድ ጊዜ ይሰጡኛል። ለልጁ የሚጎድለውን ልክ ይሞላል።»

«ሲሶው መቼ ይመለሳል?» አልኳቸው።

«አይመለስም። የሸጥከው በግ ተመልሶ ይመጣል?»

ደንቡን ጣታቸውን እያስኬዱ አነበቡልን። ዛሬ ወይ ነገ የሚሞት ሰው የሃያ ዓመቱን ወስዶ እንዳይሄድ ሐኪም ጤነኛ ነው ብሎ መመስከር አለበት። በዕድሜ በገፋ ቁጥር ገንዘቡ ያንሳል። በጤና ምክንያት የተከለከለ ደግሞ ዓመት ሳይሞላው እንደገና አይጠይቅም። ጅዳ የሚኖሩ ጡረተኞች እዚሁ ተመርምረው ሐኪሙ ውጤቱን አሽጎ እንዲልክ ተፈቅዷል። እዚህ ላይ ሲደርሱ አነጠሱ፤ ቀጥሎ ሳል ያዛቸው። ሁልጊዜ ጠዋትና ከምግብ በኋላ የሚያስላቸው ከባድ ሳል ነበር፤ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር። ሳሉ ሲለቃቸው ወረቀቱን አጠፉት።

«ይህ ደረት ነው የሚጥለኝ» አሉ። «የበረሃ አቧራና ትምባሆ የጠጣ ሳንባ። ራጁ ላይ ያዩታል።»

ያኔ ነው እኔ የተናገርኩት። ማንም አልጠየቀኝም።

«ዓሚ፣ ራጅ ላይ እኮ ፊት አይታይም።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ሐኪሙን እርስዎ ይታዩ። ራጁን እኔ ልነሳልዎት። ደረቴን ያውቁት የለ?» ብዬ በቡጢ መታሁት።

መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ «ሰይድ፣ እኔ ስሜ ሲጠራ ሌላ ሰው አለሁ ብሎልኝ አያውቅም» አሉኝ። ድምፃቸው የተቆጣ አልነበረም፤ የደከመ ነበር።

ኻልቲ ሰትና ሳህኖቹን እያነሱ ነበር። ቆሙ። «ኢድሪስ፣ ልጄ እስር ቤት ነው» አሉ። «ክብርህን ሲወጣ ታወራልኛለህ።»

ነገሩ በዚህ አለቀ።

ሐኪሙ አል-ባላድ ውስጥ በአንድ ጠባብ ሕንፃ ላይ ነው፤ ራጅ ቤቱ ደግሞ ሁለት መንገድ አልፎ። ዓሚ ኢድሪስ ታይተው፣ ደም ግፊታቸው ተለክቶ፣ ስማቸው የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ይዘው ወጡ። ጠዋት ነበር። የድሮዎቹ ቤቶች የእንጨት መስኮቶች ጥላ ሥር በሊላ የሚሸጥ ሰው ቆሟል፤ ሽምብራው ላይ ሆምጣጤ ሲያፈስበት ሽታው እስከ እኛ ይደርሳል። ወረቀቷን ሰጡኝና «ስትጨርስ ላበላህ እዚህ እጠብቅሃለሁ» ብለው እዚያው ቀሩ። የፈራሁት ሹርጣን ብቻ አልነበረም።

ራጅ አንሺው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ኢድሪስ!» ብሎ ጠራ፤ ገባሁ። ሸሚዜን አወለቅሁ። ሰሌዳው ደረቴ ላይ ሲያርፍ በረዶ ነው።

«አየር ሳብ። ያዝ።»

ሳብኩ። ልይዘው ስል አሳለኝ።

«ያዝ አልኩህ እኮ!»

እንደገና ሳብኩ። እንደ ምንም ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት። ስወጣ ዓሚ ኢድሪስ በሊላውን ይዘው ቆመው ነበር። «እንዴት ነው?» አሉኝ። «እንደ ግመል» አልኳቸው። ሁለታችንም ሳቅን። አብረን እንዲያ ስንስቅ የመጨረሻችን ነበር።

ከሳምንት በላይ አለፈ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ሥራ ላይ እያለሁ፣ ዓሚ ኢድሪስ መጡ። ዘበኝነታቸውን ትተው በዚያ ሰዓት ሲንቀሳቀሱ አይቼ አላውቅም። ኮንቴይነሮቹ ጥላ ሥር አስቀመጡኝና ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አሉ።

«ልጄ፣ ደረትህን ያምሃል?»

«አያመኝም።»

«ሐኪሙ ጠርቶኝ ነበር። የሳንባ ነቀርሳ አለብህ አለኝ። ላይኛው ላይ ቀዳዳ አለ፣ አለኝ።» እጄን ያዙ። «ሰይድ፣ ሳንባው ያንተ ነው።»

የወደቡ ክሬን ሲያፏጭ ይሰማኛል። «ወረቀቱስ? ገንዘቡስ?» አልኩ።

«ፖስታው ሄዷል። እሱን ተወው አሁን።»

ሐኪሙ እሳቸውን ወደ ደረት ሆስፒታል መርቷቸው ነበር። አለመሄድ አይችሉም፤ ስማቸው ተመዝግቧል፣ ኢቃማቸው አደጋ ላይ ነው። ሄዱ፤ እዚያ በእውነተኛ ደረታቸው ራጅ ተነሱ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መብራቱ አንሥቶ ካየ በኋላ ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ ነገራቸው። ሳሉ የጉሮሮና የትምባሆ ነው፤ ሳንባቸው ንጹሕ ነበር። ራሳቸው ሄደው ቢነሱ ኖሮ ያልፉ ነበር። ይህን የነገሩኝ እንደ ተራ ወሬ ነው፣ ጫማቸውን እያሰሩ።

አዲሱን ወረቀት አያይዘው ለጡረታ መሥሪያ ቤቱ ጻፉ። መልሱ አጭር ነበር፤ ሁለቱ ውጤቶች የማይገጥሙበትን ምክንያት እንዲያስረዱ፣ አለዚያ በደንቡ መሠረት ዓመቱን እንዲጠብቁ። ለማስረዳት ስሜን መጥራት ነበረባቸው። ኢቃማ የሌለው፣ በሽተኛ፣ በሰው ስም የቀረበ ሰው። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ዓመት ምንድነው?» አሉ። «በጦር ሜዳ ዓመት ቆጥረናል።»

አሁን እዚህ ላይ እውነቱን ካልጻፍኩ የጻፍኩት ሁሉ ከንቱ ነው። ራጁን ከመነሳቴ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ጠዋት ስነሳ ሸሚዜ በላብ ርሶ አገኘው ነበር። ሱሪዬ ወገቤ ላይ ሰፍቶ በገመድ አስሬዋለሁ። አንድ ቀን የወደቡ ቧንቧ ጋ አስሎኝ መዳፌ ላይ ደም አየሁ። ቶሎ ብዬ አጠብኩት። የድድ ነው አልኩ። ድድ አለመሆኑን አውቅ ነበር። የበሽታውን ስም አላውቅ ይሆናል እንጂ በሽታውን አውቀዋለሁ፤ የአባቴ ወንድም በእሱ ነው የሞተው። ክሊኒክ ልሂድ ብል ገንዘቡም ኢቃማውም የለኝም። ዓሚ ኢድሪስ ስለ ራጁ ሲናገሩ የታየኝ የሙአዝ መፈታት ብቻ አልነበረም። ጤነኛ ነህ የሚል ወረቀት በማንም ስም ይሁን ፈልጌ ነበር። የተከፈተ በር አገኘሁና በሰው ስም ገባሁበት።

ይህንን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም።

የሀገራቸው ሰው የሆነ አንድ ሐኪም ለምነው መድኃኒቱን አስገኙልኝ። ዘጠኝ ሰው ያለበት ክፍል መመለስ አልችልም፤ ስለዚህ ቤታቸው ወሰዱኝ። ሁለተኛዋ ክፍል የሙአዝ ነበረች። መስኮት ነበራት። አልጋው ላይ አስተኙኝ። ግድግዳው ላይ ትምህርት ቤት እያለ የተነሳው ፎቶ ተሰቅሎ ስድስት ወር ሙሉ ከላይ ሲያየኝ ከረመ። ኻልቲ ሰትና ጠዋት ጠዋት የበግ መረቅ፣ ማታ ወተት ያመጡልኛል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሩ ላይ ያስቀምጡልኝና በስካርፋቸው አፋቸውን ሸፍነው ያዩኛል። ኋላ ሐኪሙ ሲፈቅድ አልጋው ጫፍ ላይ መቀመጥ ጀመሩ።

«ኻልቲ፣ አፉ በሉኝ» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ለምኑ? በሽታ ከአላህ ነው» አሉኝ። ከዚያ ፍራሹን በእጃቸው ዳበስ አደረጉ። «ይህ አልጋ ባዶውን ከሚውል አንተ ብትተኛበት ይሻላል።»

ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር።

ሥጋ ለበስኩ። ፊቴ ሞላ። ኻልቲ ሰትና ግን እየከሱ ሄዱ። ጅዳ በዓመት አንዴ የሚዘንበው ዝናብ ዘንቦ ካራንቲና ጭቃ በጭቃ በሆነበት ሰሞን ከመካ ተመልሰው ከአውቶቡስ ሲወርዱ ወደቁ። ደም ግፊት ነው ተባለ። ሁለት ቀን ቆይተው ሞቱ። ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። ሙአዝ ለቀብሩ አልመጣም። ሲነግሩት ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር አጋጨው ብለው ከእስር ቤት የመጡ ሰዎች ነገሩን። መቃብሩ ውስጥ ወርደው ከተቀበሏቸው ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ቦታው የልጅ ቦታ ነው።

ዓመቱ ሞላ። ዓሚ ኢድሪስ በራሳቸው ደረት ራጅ ተነስተው አለፉ። ገንዘቡ መጣ፤ በአንድ ዓመት ዕድሜ ልክ አንሶ መጣ። የጎደለውን የኻልቲ ሰትና የወርቅ አምባሮች ሞሉት። በሕይወት እያሉ ሊሸጧቸው ሲሉ ዓሚ ኢድሪስ «የሠርግሽ ነው፣ አይነካም» እያሉ ይከለክሏቸው ነበር። አሁን የሚያጠልቃቸው የለም።

ሙአዝ በሚፈታበት ቀን አብሬያቸው እንድሄድ ፈለጉ። ፍተሻው ላይ የሚታወቅ አንድ የውሃ ቦቴ ሾፌር ከጎኑ አስቀምጦ አሳለፈኝ። መካን ያየሁት ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሰግድ ፊቴን የማዞርላት ከተማ። እኔ ያየሁት ግን የእስር ቤት በር ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሙአዝ በፌስታል ልብሱን ይዞ ወጣ። በፎቶው ብቻ የሚያውቀው ሰው አይለየውም፤ ጢሙ ሸብቷል። አባትና ልጅ ተቃቅፈው ቆሙ። ዓሚ ኢድሪስ ሲያለቅሱ ያን ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት፤ ሲያለቅሱም ጀርባቸው ቀጥ ብሎ ነበር።

ከዚያ ሙአዝ ወደ እኔ መጣ።

«አልጋዬ ላይ የተኛኸው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«አባቴ ልጁ አላወቀም ይለኛል። እናቴም እስከ መጨረሻው እንዲያ ነው ያለችኝ።» ዓይኑን ከዓይኔ አልነቀለም። «ራጁን ስትነሳ መታመምህን ታውቅ ነበር?»

አባቱ ከኋላው በትከሻው አሻግረው ያዩኛል። ፊታቸው ላይ ምንም ጥርጣሬ አልነበረም። እኔ ወጣት ነበርኩ፣ በሰው ሀገር ነበርኩ፣ ከእሳቸው ሌላ ሰው አልነበረኝም። ይህ ምክንያት እንጂ ይቅርታ አይደለም።

«ወላሂ አላውቅም ነበር» አልኩ።

«በቃ» አሉ ዓሚ ኢድሪስ። «በዚህ በተቀደሰ ምድር ላይ ቆሞ ማለ። በቃ፣ ልጄ። ያለቀ ጉዳይ አድርገው።»

ሙአዝ ራሱን ነቀነቀ፤ እጁን ግን አልዘረጋልኝም። ወደ ታላቁ መስጊድ፣ ወደ ሐረም፣ ሊሄዱ ተነሱ፤ ዑምራ አድርገው ለእናቱ ሊለምኑላት። ና አሉኝ። ኢህራም የለኝም ብዬ ቀረሁ። ኢህራም በየመንገዱ ይሸጥ ነበር። ሰው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲጎርፍ እኔ ከአንድ ሱቅ ጥላ ሥር ተቀምጬ ጠበቅኋቸው።

ብዙም ሳይቆዩ ወደ ሀገራቸው ገቡ። ከሰው እንደሰማሁት ዓሚ ኢድሪስ ሲሶው በጎደለ ጡረታ ብዙ ዓመት ኖረው ነው የሞቱት። ሳንባቸው አላሳፈራቸውም። እኔም ሀገሬ ገብቼ በቪዛ ተመለስኩ፣ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ሀገራቸው ጦርነት ሲገባ የሙአዝን ስልክ ከአንድ ሰው ፈልጌ አገኘሁ። ብዙ ቀን ደወልኩ። አይነሳም። ቢያነሳ ምን እንደምለው ግን አላውቅም ነበር።

ስለ መሐላው አንድ ሼህ ጠይቄያለሁ፣ ዝርዝሩን ሳልነግራቸው። አሥር ሚስኪን አብላ፣ ተጸጽተህ ተውበት አድርግ አሉኝ። አበላሁ። የሌላውን ግን ምን ብዬ እጠይቃለሁ? የአንዲት እናት የመጨረሻ ዓመት በምን ይካሳል ተብሎ ይጠየቃል? ዛሬ ዕድሜዬ የዓሚ ኢድሪስን የዚያን ጊዜ ዕድሜ ሊደርስ ነው። በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ሰው ጭኜ መካ እገባለሁ፤ ጊዜ ሲኖረኝ መኪናዬን አቁሜ ከሰዉ ጋር ካዕባን እዞራለሁ። ከጎኔ የሚዞረው ሰው እያለቀሰ «ጌታዬ ሆይ፣ በስህተት ያጠፋሁትን ማረኝ» ሲል እሰማለሁ። እኔም አብሬ እላለሁ። በስህተት የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ግን ድምፄ ይጠፋል።